ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ብርሃን፦ የዓይኑን ብርሃን እያጣ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅና የጤና ባለሙያው

መግቢያ

በአገራችን ስለ ዓይነ ስውርነት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰቡት በዕድሜ የገፉ አረጋውያንና ገና በሕፃንነታቸው ብርሃናቸውን ያጡ ልጆች ናቸው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት፣ የዝቅተኛ እይታና የትራኮማ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ እይታ ያለው መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች መካከል የዓይን ሞራ ግርዶሽ ግማሽ ያህሉን፣ የትራኮማ ጠባሳ 11.5 በመቶውን ሲይዙ ግላኮማ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበረው። የመከላከልና የቀዶ ሕክምና ጥረታችን በሞራና በትራኮማ ላይ ማተኮሩ ከዚህ አንጻር ሲታይ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ቁጥሮች ጥግ ላይ የቆመ፣ ብዙም የማይነገርለት ሌላ ሰው አለ። እርሱም ዕድሜው በሃያዎቹ ወይም በሠላሳዎቹ ውስጥ የሚገኝ፣ ትዳር የመሠረተ፣ ጡት የሚጠባ ወይም ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ያለውና የዓይኑ ብርሃን በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ የሚቀንስ ወላጅ ነው። ቁጥሩ ከሞራ ሕሙማን ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ቢሆንም ከፊቱ የሚጠብቁት ዓመታት ብዙ ናቸው፤ የልጆቹም ዕጣ ከእርሱ ጋር የተሳሰረ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ወላጅና እርሱን መጀመሪያ በሚያየው የጤና ባለሙያ ላይ ሲሆን፣ የሚለውም አንድ ነገር ነው። «ይህ በሽታ መዳኛ የለውም» ከሚለው ቃል በኋላ የሚጠብቀን ሥራ ከቃሉ በፊት ከነበረው ይበልጣል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በሚገኘው በኮዬ ፈጬ፣ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር የ29 ዓመት እናት አለች እንበል። የአራት ዓመት ወንድ ልጅና ገና ጡት ያልተወች ሴት ልጅ አሏት። ኮዬ ፈጬ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ሰፊ የጋራ ቤቶች መንደር እንደመሆኑ፣ ለሥራ ወደ መሐል ከተማ የሚመላለስ ነዋሪ ማልዶ ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። የዚህች እናት ችግር የሚጀምረውም በዚያች የምሽት ሰዓት ነው። ከታክሲ ወርዳ ወደ ቤቷ ስትሄድ ክዳን የሌለው ቦይ አይታያትም፤ መብራት በሌለበት ደረጃ ላይ ግድግዳውን እየዳበሰች ትወጣለች። ጎረቤቶቿ በአጠገባቸው ዝም ብላ ስታልፍ «ኮርታለች፤ ሰላምታ ነፈገችን» ይሏታል። ባለቤቷ «ቀልብሽን ሰብስቢ» ይላታል። ልጇ ወለል ላይ የተወውን ብርጭቆ በእግሯ ስትመታም ራሷን ትወቅሳለች እንጂ ዓይኔ ነው ብላ አታስብም፤ ከፊት ለፊቷ ያለውን አጥርታ ታያለችና።

«ዳፍንት ያዘኝ»

ይህች እናት ጤና ጣቢያ ስትደርስ የምትናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሲስተር፣ ዳፍንት ያዘኝ።» ይህን ቃል ስንሰማ ወዲያው ወደ አእምሯችን የሚመጣው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ይህም ስሕተት አይደለም። እርጉዝና አጥቢ እናቶች ለዚህ እጥረት የተጋለጡ ናቸው፤ ሕክምናውም ቀላልና ርካሽ ነው። ነገር ግን ዳፍንት የበሽታ ስም ሳይሆን የሕመም ምልክት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በተዘረጋው ሬቲና ውስጥ በጨለማ ለማየት የሚያገለግሉ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት ሥራቸውን የሚሠሩት ከቫይታሚን ኤ በሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። በእጥረት የሚመጣው ዳፍንት ዘይት እንዳለቀበት ኩራዝ ይመሰላል፤ ዘይቱ ሲጨመርበት በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይበራል። ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ በሚባለው በዘር የሚተላለፍ የሬቲና በሽታ ግን ሕዋሳቱ ራሳቸው ቀስ በቀስ ይሞታሉና ነገሩ የተሰበረ ኩራዝ ነው፤ ዘይት ቢጨመርበት አይበራም። ይህ በሽታ በዓለም ላይ በግምት ከ4,000 ሰዎች በአንዱ ላይ ይታያል። በመጀመሪያ ዳፍንትን ያመጣል፤ ቀጥሎ የጎን እይታን እያጠበበ በጠባብ ቧንቧ ውስጥ እንደሚመለከት ሰው ያደርጋል፤ የመሐሉን እይታ በብዙዎች ዘንድ እስከ መካከለኛ ዕድሜና ከዚያም በኋላ ይተዋል።

ሁለቱን ለመለየት መሣሪያ ከመፈለግ በፊት መጠየቅ ይበቃል። «ሕፃን ሳለሽ ማታ ማታ ከጓደኞችሽ ጋር እንደ ልብሽ ትሮጪ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ይገልጣል። በእጥረት የመጣ ዳፍንት የሳምንታት ወይም የወራት ታሪክ ሲኖረው፣ በዘር የመጣው ግን ብዙ ጊዜ ከልጅነት ይጀምራል፤ ባለቤቱም ሰው ሁሉ ማታ እንደ እርሱ የሚያይ ይመስለው ነበር። ወንድም፣ እኅት፣ አጎት ወይም አያት «በጎልማሳነቱ ዓይኑ ጠፋ» የተባለ እንዳለ መጠየቅ፣ የመስማት ችግር መኖር አለመኖሩንም ማጣራት ያስፈልጋል። የመስማትና የማየት ችግር አብረው በአንድ ሰው ላይ ሲታዩ አሸር ሲንድሮም የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ዓይኑ ገና ሳለ ለንክኪ መግባቢያና ለብሬል ማዘጋጀት ይገባል።

ስለ ቫይታሚን ኤ መጠን አንድ ማስጠንቀቂያ ግድ ነው። ለሕፃናት የሚሰጠው 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት የያዘ ጠብታ ለእርጉዝ ሴት ወይም እርጉዝ ልትሆን ለምትችል ሴት መሰጠት የለበትም፤ በፅንስ ላይ የአካል ጉድለት ሊያስከትል ይችላልና። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ለምትገኝ ዳፍንት ለያዛት ሴት የሚመከረው በቀን ከ10,000፣ ወይም በሳምንት ከ25,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ሳይበልጥ ቢያንስ ለአራት ሳምንታት መስጠት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለውጥ ያላየች ሴት ሌላ ጥቅል እንክብል ይዛ ወደ ቤቷ መመለስ የለባትም፤ ወደ ዓይን ሐኪም መላክ አለባት።

የሰሌዳው ፊደል የማይናገረው

ከዚህ ቀጥሎ የሚፈጸመው ስሕተት የበለጠ የተለመደ ነው። እናቲቱ በስድስት ሜትር ርቀት ላይ ካለው ሰሌዳ ፊት ትቆማለች፤ የታችኞቹን መስመሮች ትለያለች፤ በካርዷም ላይ 6/9 ተብሎ ይጻፍና «ዓይንሽ ደኅና ነው» ትባላለች። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ግን የእይታ ጥራትን ብቻ አይመለከትም። በተሻለው ዓይን የእይታ አድማሱ ከመሐል ዙሪያ ከ10 ዲግሪ ያልበለጠ ሰው፣ ትንንሾቹን ፊደላት አጥርቶ ቢያነብም ከዓይነ ስውራን ምድብ ይቆጠራል። በቀን ጋዜጣ የምታነብ፣ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባ፣ ነገር ግን በአጠገቧ የቆመ ልጇን የምትገፋ እናት እንግዲህ አስመሳይ አይደለችም። ይህን ባለማወቅ ስንት ሰው በቤተሰቡ ዘንድ «ሲፈልግ ያያል፤ ሳይፈልግ አያይም» እየተባለ እንደሚታማ መገመት አያዳግትም።

የእይታ አድማስን ለመለካት የረቀቀ መሣሪያ በሌለበት ሁሉ እጅ አለ። ባለሙያው ከታካሚዋ ፊት ለፊት አንድ ሜትር ያህል ርቆ በእኩል ከፍታ ይቀመጣል። እርሷ ግራ ዓይኗን በእጇ ስትሸፍን እርሱ ቀኙን ይሸፍናል፤ አፍንጫውን ትኩር ብላ እንድታይ ይነግራታል። ከዚያም በሁለቱ መሐል፣ በላይኛውና በታችኛው፣ በቀኝና በግራ ማዕዘን ጣቶቹን እያሳየ ስንት እንደሆኑ ይጠይቃታል፤ ጣቱንም ከውጭ ወደ መሐል እያመጣ መጀመሪያ ያየችበትን ቦታ ከራሱ ጋር ያነጻጽራል። ለሁለቱም ዓይን ከሦስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ይህ ምርመራ ለጋ ጉዳትን ሊያልፍ ቢችልም በዚህች እናት ላይ ያለውን ዓይነት መጥበብ ግን አይስተውም።

መታከም የሚችለውን መፈለግ

ቀስ በቀስ የሚቀንስ እይታ ሁሉ የማይመለስ አይደለም፤ ስለዚህ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት መመርመር ግዴታ ነው። በወጣቶች ላይ በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ግላኮማ ነው። በዓይን ውስጥ ባለው ግፊት ምክንያት የዓይን ነርቭ ሲጎዳ የጎን እይታ ያለ ሕመም ይጠፋል፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ ወይም በቀዶ ሕክምና ማቆየት ይቻላል። በአፍሪካውያን ዘንድ ይህ በሽታ ቀደም ባለ ዕድሜ የመጀመርና የመክፋት ጠባይ አለው። ከዚህም ጋር በአቧራና በፀሐይ የሚያሳክክ ዓይን ያላቸው ወጣቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት መደብር እየገዙ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚጨምሩት ዴክሳሜታዞንን የመሰለ የስቴሮይድ ጠብታ ግላኮማንና የዓይን ሞራን ያመጣል። «ዓይንሽ ውስጥ ምን ጨምረሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠይቆ ጠርሙሱን አምጥታ እንድታሳይ ማድረግ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

ለግላኮማ የሚታዘዙት ጠብታዎችም ወላጅነትን ያገናዘቡ መሆን አለባቸው። ቲሞሎል አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ብሪሞኒዲን በጨቅላ ሕፃን ላይ እስከ ትንፋሽ ማነስ የሚደርስ መደንዘዝ ስለሚያስከትል ለምታጠባ እናት አይመረጥም። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል መጫን ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሳል፤ ይህን ማስተማር ደግሞ ሐኪም አይጠይቅም።

የስኳር ሕመም ያለባት ወጣት ሴት እርግዝና የሬቲናዋን ጉዳት ሊያባብሰው ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ዓይኗ መታየት አለበት። የወር አበባዋ የተቋረጠ ወይም ሳትወልድ ጡቷ ወተት የሚያፈስ ሴት የሁለቱም ዓይኖቿ የውጭ ጎን እይታ ከጠበበ የፒቱይታሪ ዕጢ እብጠት ሊሆን ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቀለም መለየት ሲያቅተውና እይታው ሲደበዝዝ ኢታምቡቶልን መጠርጠርና ሳይዘገዩ ለሐኪሙ ማሳወቅ ይገባል። ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ራሱም ቢሆን ሁለት የሚታከሙ ተከታዮች አሉት። አንደኛው በቀዶ ሕክምና የሚወገድ የዓይን ሞራ ነው፤ ሌላው ደግሞ አሴታዞላማይድን በመሰሉ መድኃኒቶች ሊቀንስ የሚችል የሬቲና መሐል እብጠት ነው። «ይህ የዘር ነው» ተብላ አንድ ጊዜ የተሰናበተች ሴት ከአምስት ዓመት በኋላ እይታዋ በድንገት ቢቀንስ ዳግም ወደ ሐኪም የማትመለሰው ያኔ የተነገራትን አምና ነው። ይህ በእኛ ቃል የሚደርስ ጉዳት ነው።

ዜናው የሚነገርበት መንገድ

ምርመራው ተጠናቆ፣ ለምሳሌ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል በሚገኝበት በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በሽታው ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ መሆኑ ተረጋገጠ እንበል። እናቲቱ ከዚያ ቀን የምታስታውሰው የበሽታውን ስም ሳይሆን አነጋገሩን ነው። ወረፋ በሚጠባበቁ ሰዎች መካከል «ዓይንሽ ይጠፋል፤ መድኃኒት የለውም» መባልና፣ በር ተዘግቶ፣ የምትፈልገው ሰው ከጎኗ ተቀምጦ መስማት አንድ አይደሉም። እውነቱን መሸሸግ አይገባም፤ እውነቱ ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር ይሰፋል። በሽታው የሚሄደው በወራት ሳይሆን በዓመታትና በአሥርተ ዓመታት መሆኑ፣ የመሐሉ እይታ ብዙ ጊዜ የሚቆይ መሆኑ፣ እንደማይገድል፣ ወደ ሌላ ሰው በንክኪ እንደማይተላለፍ፣ በመጥፎ ሥራም ሆነ በእርግማን እንዳልመጣ፣ ጡት በማጥባት ወይም በማልቀስ እንዳልተባባሰ በቀላል ቃል መነገር አለበት። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መናገር ስለማይቻል ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ቀጠሮ መስጠት መልካም ልማድ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ዓይንሽ ይጠፋል» ከሚለው በኋላ የተነገረውን የሚሰማ ጆሮ ጥቂት ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ውጭ አገርስ?» እዚህ ላይ የባለሙያው እውቀት የአንድ ቤተሰብን ሀብት ሊያድን ይችላል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ሉክስተርና የተሰኘው የዘረመል ሕክምና አርፒኢ65 በሚባለው ዘረመል በሁለቱም ቅጂዎች ላይ ጉድለት ላለባቸው ሰዎች ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ እነርሱም ከሕሙማኑ ጥቂቶቹ ናቸው። ሲወጣ የተተመነለት ዋጋ ለሁለቱም ዓይኖች 850,000 ዶላር ነበር። ከዚህ ውጭ «ሬቲናን እናድሳለን» እያሉ በሕዋስ መርፌ፣ በኦዞን፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያክሙ ማዕከላት በልዩ ልዩ አገሮች አሉ፤ ይጠቅማሉ የሚያሰኝ አጥጋቢ ማስረጃ ግን የላቸውም፤ አንዳንዶቹም ዓይንን ጎድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ይመከር የነበረው ከፍተኛ የቫይታሚን ኤ መጠንም በኋላ በተደረገ ዳግም ትንተና የሚጠበቀውን ጥቅም አላሳየም፤ ለመውለጃ ዕድሜ ሴትም አደጋው ግልጽ ነው። ለዓመታት ቆጥቦ የጋራ መኖሪያ ቤት ያገኘ ቤተሰብ ይህን ቤት ሸጦ ለማይጠቅም ሕክምና ቢሄድ፣ እናቲቱ ዓይኗን ብቻ ሳይሆን ደረጃውን በልቧ የምታውቀውን ቤቷንም ታጣለች።

ስለ ጠበልም ሳይጠየቅ መናገር ይበጃል። የሚጠመቅ ሰው በሐኪም ፊት ስለማይናገር፣ በግላኮማ የተያዘው ጠብታውን አቋርጦ ለወራት ጠበል ቦታ ሊቆይ ይችላል፤ ተመልሶ ሲመጣ ነርቩ አልቆ ይገኛል። «ተጠመቂ፤ ጠብታሽን ግን ይዘሽ ሂጂ» የሚል ምክር ከክርክር ይልቅ ይሰማል።

ሐዘኑ

ብርሃኑን በድንገት ያጣ ሰው ሐዘኑ ከባድ ቢሆንም መጀመሪያው ይታወቃል። ቀስ በቀስ የሚያጣው ሰው ግን ደጋግሞ ያዝናል። ማታ ብቻውን መሄድ የተወ ዕለት፣ መንገድ ለመሻገር የሰው ክንድ የያዘ ዕለት፣ የልጁን የትምህርት ቤት ደብተር ማንበብ ያቃተው ዕለት እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ሐዘን ነው። «ተቀብዬዋለሁ» ያለች እናት ከሁለት ዓመት በኋላ ስታለቅስ ብትገኝ ወደ ኋላ ተመለሰች ማለት አይደለም፤ አዲስ ነገር አጥታለች ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጆን ኸል ከወጣትነቱ ጀምሮ ዓይኑ እየደከመ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓይነ ስውር ተብሎ ተመዘገበ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ብርሃን መለየት ተሳነው። እነዚህ ዓመታት ልጆች የሚወለዱለትና የሚያድጉለት ጊዜ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የየዕለቱን ገጠመኝ በካሴት እየቀረጸ ቆይቶ በ1990 በመጽሐፍ አወጣው። ይህን የምናነሣው የአንድ አባት ምስክርነት ከብዙ መመሪያ በላይ ለባለሙያ የሚያስተምር ስለሆነ ነው። ከልጆቹ ጋር መጫወትንና ማንበብን እንደ አዲስ መማር ነበረበት።

የጤና ባለሙያው በእያንዳንዱ ክትትል ሊጠይቃቸው ከሚገቡ ነገሮች ዋናው እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ተስፋ መቁረጥና ራስን የመጉዳት ሐሳብ ነው። ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም፤ ያለውን ያወጣል እንጂ።

ከዚህ ጋር ተያይዞ እምብዛም የማይታወቅ አንድ ነገር አለ። እይታቸው በእጅጉ የቀነሰ አንዳንድ ሰዎች በሌለ ቦታ ሰው፣ አበባ፣ ግድግዳ ላይ የተሳለ ጌጥ ወይም ትንንሽ ፍጥረቶች ይታዩአቸዋል። ምስሉ ድምፅ የለውም፤ ታካሚውም ከጥቂት ማሰብ በኋላ እውነት አለመሆኑን ያውቃል። የስዊሱ ሊቅ ሻርል ቦኔ በአያቱ ላይ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1760 ስለገለጸው በእርሱ ስም ይጠራል። ምክንያቱም ከዓይን መልእክት የተቋረጠበት አንጎል የራሱን ምስል መፍጠሩ ነው። በእኛ ኅብረተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚታያት ወጣት እናት «እብደት» ወይም «መንፈስ» እንዳይባልባት፣ ይልቁንም ልጆቿን እንዳይነጥቋት ፈርታ ትደብቀዋለች። «ዓይናቸው የደከመ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ የሌለ ነገር ያያሉ፤ አንቺስ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይህን ፍርሃት ያቀልላል።

ልጅን ማሳደግ

ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ክፍል ይህ ነው፤ እናቲቱን ሌሊት የሚያሳድራት ግን ይኸው ነው። «ልጄ ምድጃ ላይ ቢወድቅ አላየውም» የሚለው ፍርሃቷ በምክር ሳይሆን በዘዴ ይቃለላል። ለሚድህ ልጅ እግር ወይም ልብስ ላይ ትንሽ ቃጭል ማሰር ያለበትን ያሳውቃል። ከሰል ምድጃ፣ ጀበናና ማንቆርቆሪያ አንድ የማይለወጥ ቦታ ይሰጣቸዋል፤ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ወደዚያው ይመልሳል። የደረጃው ጠርዝ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ቀለም መቀባት፣ ነጭ ወተትን በጥቁር ኩባያ፣ ቡናን በነጭ ሲኒ መቅዳት ንጽጽርን ይጨምራል። የሕፃናት ሽሮፕ በማንኪያ ከመገመት ይልቅ በሲሪንጅ ይሰጣል፤ በታዘዘው መጠን ላይ የሲሪንጁን ግንድ በምላጭ ጫር አድርጎ መስጠት ፋርማሲስቱ በአንድ ደቂቃ የሚሠራው ሥራ ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ለመበጥበጥ ሁልጊዜ አንድ የታወቀ የአንድ ሊትር ዕቃ እንድትጠቀም ማድረግ ያስፈልጋል።

የማጉሊያ መስታወት ለሁሉም አይጠቅምም። የመሐል እይታው ለተጎዳ ሰው የሚረዳ ሲሆን፣ አድማሱ ለጠበበ ሰው ግን ፊደሉን ባሰፋው ቁጥር በጠባቧ መስኮት ውስጥ የሚገባው ያነሰ ይሆናል። ለዚህች እናት የሚበጃት ብርሃን፣ የፀሐይ ነጸብራቅ የሚቀንስ መነጽርና ራስን ችሎ የመንቀሳቀስ ሥልጠና ነው። ነጭ በትርን ብዙዎች እስከ መጨረሻው ይሸሹታል፤ «ዓይነ ስውር ናት» እንዳይባሉ ነው። ነገር ግን በምሽት ብቻ ቢያዝ እንኳ ከቦይ ያድናል፤ ሰላምታ ያልሰጠችበትንም ምክንያት ለጎረቤት ሳይናገሩ ያስረዳል። ከኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ጋር ማገናኘትም ጥቅሙ የሥልጠና ብቻ አይደለም፤ ልጅ ያሳደገች ሌላ ዓይነ ስውር እናት ማግኘት ነው።

ለልጆች እውነቱ በዕድሜያቸው ልክ ይነገር። የአራት ዓመት ልጅ «የእማዬ ዓይን ከጎን ያለውን አያይም፤ ስለዚህ ስትመጣ ጥራኝ፤ መጫወቻህንም ከመንገድ አንሣ» የሚለውን ይረዳል። ያልተነገረው ልጅ ግን የእናቱን መደናቀፍ በራሱ ጥፋት ይተረጉመዋል። ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቁት የሚገባው የበኩር ልጅ የወላጁ መሪ ሆኖ እንዳይቀር ነው። ልጅ እናቱን አንዳንድ ጊዜ እጇን ይዞ ደረጃ ቢያወርዳት መልካም ነው፤ እርሷን ወደ ሆስፒታል ለማድረስ ከትምህርት ቤት ሲቀር ግን በሽታው በእርሱም ላይ ደርሷል። በክትትል ጊዜ «ማን አመጣሽ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መመዝገብ የሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል።

አንዳንድ ዘመዶች በፍቅርም በጭንቀትም ተነሣስተው «ልጆቹን እኔ ላሳድግ» ይላሉ። እገዛ መልካም ነው፤ ነጠቃ ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 23 ልጅ በወላጁ የአካል ጉዳት ምክንያት ብቻ ከወላጁ እንዳይለይ ይደነግጋል። በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር የሆነችውና እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ የሁለት ሴቶች ልጆች እናት ናት። እርግጥ ከሕፃንነት ጀምሮ ያለ ዓይን መኖርን የተማረ ሰውና በሠላሳ ዓመቱ የሚጀምረው ሰው መንገዳቸው ይለያያል፤ ይሁን እንጂ «ዓይነ ስውር ልጅ ማሳደግ አይችልም» ለሚል አማት ወይም አማች የምናሳየው ምሳሌ አለን።

በአባቶች በኩል ያለው ጭንቀት ብዙ ጊዜ በእንጀራ ላይ ነው። ባጃጅ ወይም ሚኒባስ የሚያሽከረክር አባት የጎን እይታው ከጠበበ በማለዳም በምሽትም ለሕፃናት መንገደኞች አደጋ ነው፤ ይህን ሳይሸፍኑ መንገርና ማሽከርከር እንዲያቆም መምከር ግዴታ ነው። ግን «አቁም» ብቻ ብሎ ማሰናበት እንዲደብቅ ይገፋፋዋል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለተቀጣሪዎች የሚሰጠውን ጥበቃ ማስረዳት፣ ለቀጣሪውም ግልጽ የሕክምና ማስረጃ መጻፍ በእጃችን ያለ እርዳታ ነው።

«ልጆቼስ?»

ይህን ጥያቄ ሳይጠየቁ መመለስ ያስፈልጋል። ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ በሦስት ዋና መንገዶች ይወረሳል። ከሁለቱም ወላጆች ጉድለት ያለበት ዘረመል ሲገናኝ በሚመጣው ዓይነት፣ የታመመችው እናት ልጆች ሁሉ ተሸካሚ ይሆናሉ፤ የሚታመሙት ግን አባታቸውም ተሸካሚ ወይም ታማሚ ከሆነ ነው። የቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ ይህን ዕድል ከፍ ያደርገዋል፤ እስከ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማድ በዚህ ረገድ ሳይንሱን ቀድሞ ሄዷል ማለት ይቻላል። ከአንድ ወላጅ ብቻ በሚተላለፈው ዓይነት የእያንዳንዱ ልጅ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ከኤክስ ክሮሞዞም ጋር በተያያዘው ዓይነት የታመመ አባት ለወንዶች ልጆቹ አያወርስም፤ ሴቶቹ ግን ሁሉም ተሸካሚ ይሆናሉ። የዘረመል ምርመራ በማይገኝበት ሁሉ የሦስት ትውልድ የቤተሰብ ሐረግ በወረቀት ላይ መሣል ብዙ ይናገራል። ለግላኮማም የታካሚው ወላጆች፣ ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆች መመርመር አለባቸው። እናቲቱ «ይህን ሁሉ አውቄ ሌላ ልጅ ልውለድ?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ የእርሷና የባለቤቷ ነው፤ የእኛ ድርሻ ቁጥሩን በትክክል መንገር ነው።

ቀጠሮ

በመጨረሻ ትንሽ የምትመስል ነገር ትነሣ። ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ ምኒልክ ሆስፒታል ለመድረስ ከአንድ በላይ ታክሲ መያዝ፣ ተሰልፎ መጠበቅ፣ ተመልሶም ያንኑ መድገም ይጠይቃል። በካርድ ላይ «ከቀኑ 9 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ ቀጠሮ ለማንም ሰው ችግር የለውም፤ ለዚህች እናት ግን 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጨለማ ሲጥል፣ ሕፃን አዝላ መንገድ ላይ መቅረት ነው። ሁለት ጊዜ ከቀረች በኋላ በካርዷ ላይ «ክትትል አቋርጣለች» ተብሎ ይጻፋል። ዳፍንት ያለበትን ሰው ሁሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት መቅጠር፣ የመድኃኒቱን ማዘዣም እዚያው በጠዋቱ ጨርሶ ከቀትር በፊት ማሰናበት ምንም በጀት አይጠይቅም።